ጠባሳው የማን ነው? የጥንት አዳኞች ጤናና ዕድገት ከአጽማቸው ሲነበብ

ስለ ጥንት ሰው ጤና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሁለት ዓይነት ወሬ ይዞራል። አንዱ «እርሻ ሳይጀመር፣ ስኳር ሳይመጣ የሰው ልጅ አይታመምም ነበር፤ እንደ አዳኞቹ ሥጋና ፍራፍሬ ብሉ» ይላል። ሌላው ደግሞ «የዋሻ ሰው 30 ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር፤ ኑሮው ረሃብና ስቃይ ብቻ ነበር» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም ወገኖች ማስረጃችን አጽም ነው ማለታቸው ነው።

አጽሞቹን ያጠኑ ሰዎች የጻፉትን ቀረብ ብሎ ላነበበ ግን ሁለቱም አያስኬዱም። አጥንት ላይ የበሽታ ምልክት የሚቀረው ሰውየው ከበሽታው ጋር ሰንብቶ ከሆነ ነው። በሦስት ቀን ትኩሳት የሞተ ልጅ አጥንቱ ንጹሕ ነው። ይህች አንድ ነገር ካልተያዘች፣ ስለ ጥንት ጤና የሚነገረው ሁሉ ይገለበጣል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አጥንት እንዴት እንደሚነበብ እንይ። ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ጥርስ ነው። የልጅ ጥርስ መንጋጋው ውስጥ የሚሠራበት ጊዜ ከልጅ ልጅ ብዙም አይራራቅም። ረሃብና በሽታ የአጥንትን ዕድገት ክፉኛ ያዘገያሉ፤ የጥርስን ግን ያን ያህል አይነኩም። ስለዚህ ተመራማሪው ጥርሱን አይቶ «ይህ ልጅ ሲሞት 4 ዓመት ገደማው ነበር» ማለት ይችላል። ቀጥሎ የጭኑን አጥንት ይለካል። ርዝመቱ ለ4 ዓመት ልጅ ከሚጠበቀው በጣም ካነሰ፣ ዕድገቱ ተጓትቶ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ጤና ጣቢያ ውስጥ የልጅ ቁመት ከዕድሜው ጋር ሲመዛዘን የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው።

የጥርስ ኢናሜል፣ ማለትም ጥርስን ከላይ የሚሸፍነው ጠንካራ ልባስ፣ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ልጁ እያደገ ሳለ በየቀኑ በስሱ እየተነባበረ ይሠራል። አንዴ ከተሠራ ግን አይታደስም። ልጁ በጠና ሲታመም ወይም ሲራብ ሥራው ይስተጓጎላል፤ ጥርሱ ላይ አግድም የሆነ ጎድጓዳ መስመር ይቀራል። የመስመሩን ቦታ በመለካት ልጁ በስንት ዓመቱ እንደተጎዳ መገመት ይቻላል። ሰውየው 50 ዓመት ኖሮ ቢሞት እንኳ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ ያገኘው ክፉ ጊዜ ጥርሱ ላይ አለ።

ሁሉም ምልክት እንዲህ ግልጽ አይደለም። በራስ ቅልና በዓይን ጉድጓድ ጣሪያ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ለብዙ ዓመታት የብረት ማዕድን እጥረት ያመጣው የደም ማነስ ምልክት ተደርገው ሲቆጠሩ ኖረዋል። በ2009 የአጽም ተመራማሪው ፊሊፕ ዎከርና ባልደረቦቹ ይህን ተቃወሙ። የብረት እጥረት ብቻውን ይህን አያመጣም፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ከተቅማጥና ከንጽሕና ጉድለት ጋር ተዳምሮ የተሻለ ያስረዳል አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። እና አንድ ሰው ቀዳዳ ያለበት የራስ ቅል ፎቶ ለጥፎ «እነሆ ሥጋ ያልበላ ሰው» ቢላችሁ፣ ቶሎ አትመኑት።

«ከእርሻ በፊት ጤና ነበር» የሚለው አባባል ሥሩ ባዶ ወሬ አይደለም። በ1984 ማርክ ናታን ኮኸንና ጆርጅ አርሜላጎስ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ የአጽም ጥናቶችን በአንድ ጥራዝ አሳተሙ። በብዙዎቹ ቦታዎች እርሻ ከተጀመረ በኋላ የሕመም ምልክቶች ጨምረው ታዩ። በጣም የታወቀው በአሜሪካ ኢሊኖይ ያለው የዲክሰን ማውንድስ የመቃብር ቦታ ነው። እዚያ ሰዎች በቆሎ ላይ ከተመሠረቱ ወዲህ የኢናሜል ጉዳትና የአጥንት ቁስለት በረከተ። ሲወለዱ የሚጠበቀው ዕድሜም ከ26 ዓመት ወደ 19 ዓመት ወረደ ተብሎ ተሰላ። እንግዲህ ዛሬ ድረስ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ጄምስ ውድና ሦስት ባልደረቦቹ ይህን አነባበብ ክፉኛ የሚፈትን ጽሑፍ ይዘው መጡ። ሐሳባቸውን በእኛ አገር ነገር ማስረዳት ይቀላል። ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለባቸው አዛውንቶችን አስቡ። ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1976 ነው። ጠባሳው ያለባቸው እነዚህ ሰዎች በሽታውን ያሸነፉት ናቸው። በዚያው ወረርሽኝ የሞቱት ጠባሳ ለማውጣት ጊዜ አላገኙም። አሁን አንድ እንግዳ መጥቶ ሁለት መንደር ቢያይ፣ በአንዱ ጠባሳ ያለው ሰው ቢበዛ በሌላው ግን ምንም ባይኖር፣ የቱ መንደር ጤነኛ ነበር ይላል? ጠባሳ የሌለበት መንደር ፈንጣጣ ያልደረሰበት ሊሆን ይችላል። የታመመው ሁሉ ያለቀበትም ሊሆን ይችላል።

አጽምም እንዲሁ ነው። ንጹሕ አጥንት የጤነኛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሳይሰነብት የሞተ ደካማ ሰውም ሊሆን ይችላል። ኢናሜሉ ላይ ሦስት መስመር ያለበት ሰው ሦስት ጊዜ ሞትን አምልጧል። ተመራማሪዎቹ ይህን የአጽም ተቃርኖ ይሉታል።

ሁለተኛም ችግር አለ። መቃብር ውስጥ ያለው ልጅ የሞተ ልጅ ነው። ያደጉት እኩዮቹ በልጅነት መልካቸው እዚያ የሉም። በ4 ዓመቱ የሞተውን ልጅ ጭን ለክተን «የዚያ ዘመን የ4 ዓመት ልጅ ይህን ያህል ነበር» ካልን፣ ሕመምተኞቹን ብቻ ቆጥረን ስለ ጤነኞቹ ፈረድን ማለት ነው። የሚጠበቅ ዕድሜ የሚባለውም ስሌት በዚሁ ይሳሳታል። ብዙ ልጅ የሚወለድበት ሕዝብ ብዙ ሕፃናት ይቀብራል፤ ስለዚህ የሙታኑ አማካይ ዕድሜ ይወርዳል። የዲክሰን ማውንድስ ገበሬዎች ቁጥር ከታመሙት ይልቅ የወለዱትን እየነገረን ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት እርሻ ጉዳት አላመጣም ማለት አይደለም። በብዙ ቦታ አምጥቷል። ግን አንድ ቁጥር ብቻውን አያስፈርድም።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔን በጣም የሚያሳምነኝ ጥርስን፣ የአጥንት ርዝመትን፣ የአመጋገብ ኬሚስትሪንና የመቃብሩን ሁኔታ አንድ ላይ አድርጎ የሚያይ ሥራ ነው። የዚህ ጥሩ ምሳሌ ከደቡብ አፍሪካ የኬፕ ጠረፍ ይገኛል። በዚያ ባሕር ዳርና ዋሻዎች ውስጥ ባለፉት 10 ሺህ ዓመታት ገደማ የኖሩ አዳኝና ለቃሚ ሰዎች አጽም በብዛት ተገኝቷል። የዛሬዎቹ የሳንና የኮይ ሕዝቦች ቅድመ አያቶች ናቸው። በግና ከብት ወደ አካባቢው የገባው ከ2 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ረጅም ዘመን ከእርሻም ከእርባታም የጸዳ ነው። ሱዛን ፋይፈር፣ ጁዲት ሲሊና ሌስሊ ሃሪንግተን ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል።

እነዚህ ሰዎች ትንንሽ ነበሩ። የሴቶቹ አማካይ ቁመት 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወንዶቹም ከዚያ ብዙ አይርቁም። አጥንታቸው ግን ጠንካራ ነው፤ ብዙ የሚሄዱ፣ ብዙ የሚሠሩ ሰዎች አጥንት ነው። አንድ ሰው በችኮላ «ቀንጭረው ነው» ሊል ይችላል። ተመራማሪዎቹ የልጆቹን አጽም ከጥርሳቸው ዕድሜ ጋር ሲያስተያዩት ግን ያ አልታየም። ልጆቹ ከዛሬ ልጆች ያንሳሉ፤ የዕድገታቸው አካሄድ ግን ከራሳቸው አዋቂዎች መጠን ጋር ሲነጻጸር የተሰበረ አይመስልም። የከባድ ሕመም ምልክቶችም ብዙ አይደሉም። እዚህ ላይ የአጽሙ ተቃርኖ ተመልሶ ይመጣል፤ እነዚህ የሞቱ ልጆች ናቸው። ነገር ግን የሞቱት ልጆች እንኳ ዕድገታቸው የተስተካከለ ከሆነ፣ በሕይወት የቀሩት ከዚህ ይብሳሉ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ምናልባትም ብዙዎቹን የገደለው ድንገተኛ ነገር እንጂ ለረጅም ጊዜ የቆየ ረሃብ አይደለም።

ጡት መጣልም ከአጥንት ይነበባል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ምግቡ የእናቱ አካል ነው፤ ስለዚህ ከባዱ የናይትሮጅን ዓይነት በሕፃኑ አካል ውስጥ ከእናቱ ይበልጣል። ሌላ ምግብ ሲጀምር ይህ ቀስ በቀስ ይወርዳል። በዚያው በኬፕ ጠረፍ በማቼስ ሪቨር የድንጋይ መጠለያ የተቀበሩ ልጆች በዚህ መንገድ ሲታዩ፣ ጡት የጣሉት ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ መሆኑ ታወቀ። ይህ ለልጁም ለእናቱም ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ንጹሕና የተመጣጠነ ምግብ ረዘም ላለ ጊዜ ያገኛል። እናቲቱም ቶሎ ስለማታረግዝ ሰውነቷ ያርፋል።

ሁልጊዜም እንዲህ ሆኖ አልቀጠለም። ከ4 ሺህ ዓመት ወዲህ ባለው ጊዜ የኬፕ ሰዎች ቁመት ለተወሰነ ዘመን ቀንሶ ኋላ ተመልሷል። በዚያው ዘመን ሲሊ ሌላ ነገር አየች። በማቼስ ሪቨርና በሮበርግ የተቀበሩ ሰዎች መካከል ያለው ርቀት 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። አመጋገባቸው ግን በአጥንታቸው ኬሚስትሪ ሲታይ በግልጽ ይለያል። የሮበርጎቹ የባሕር ምግብ አብዝተው ይበላሉ፤ የማቼስ ሪቨሮቹ ያንሳሉ። እንደ ልብ የሚዘዋወር ሕዝብ እንዲህ አይለያይም። ሰው በዝቶ፣ እያንዳንዱ ወገን የራሱን መሬት ይዞ፣ ጎረቤቱ ጠረፍ ላይ መልቀም ሳይከለከል አልቀረም። ቁመት የቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ይመስለኛል። እርሻ የለም፣ መንግሥት የለም፤ መጣበብ ብቻውን ሰውነት ላይ ታየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ጉዳዩ እኛንም ይነካልና። በ2019 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይህን እስከ 2030 ለማስቆም የተገባ ነው። «የኛ ሰው በተፈጥሮው አጭር ነው፣ ምን ችግር አለው» የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። የኬፕ ልጆች ጥናት ለዚህ አባባል ምርኩዝ አይሆንም። መቀንጨር የሚታወቀው በአካሄዱ ነው። ልጁ ሲወለድ ደህና ርዝመት ኖሮት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ በተለይ ተጨማሪ ምግብ በሚጀምርበት ጊዜ፣ እያደር ወደ ኋላ ይቀራል። ተቅማጥ፣ ያልተመጣጠነ ምግብና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ይዘውት ይወርዳሉ። የኬፕ ልጆች ዕድገት እንዲህ ሲወርድ አይታይም። ትንሽ ሰውነትና የተጎዳ ዕድገት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለዚህም ነው የጥንቱ ጥናት ዋጋ ያለው።

አሁን ወደ ሰሜን እንሂድ፤ ለአመጋገብ ነጋዴዎቹ የማይመች ማስረጃ ያለው እዚያ ነው። በሞሮኮ ታፎራልት በተባለ ዋሻ ከ15 ሺህ እስከ 13,700 ዓመት በፊት የኖሩ አዳኝና ለቃሚዎች ሙታናቸውን በብዛት ቀብረዋል። በ2014 ሉዊዝ ሃምፍሪና ባልደረቦቿ የ52 አዋቂዎችን ጥርስ መረመሩ። ጥርሳቸው ያልተቦረቦረ ሦስት ብቻ ነበሩ። ከጥርሶቹ ግማሽ ያህሉ ተበልቷል። አንዳንዶቹ እስከ መንጋጋ አጥንት የዘለቀ መግል ይዘው ኖረዋል። ያ ሕመም ምን ያህል እንደሚያሰቃይ ጥርሱን ታሞ ሌሊት ያደረ ያውቀዋል።

ስኳር የለም፤ ስንዴ አይዘሩም፤ ታዲያ ጥርሳቸውን ምን በላው? ዋሻው ውስጥ የተገኙት ቅሪቶች መልሱን ይሰጣሉ። ኦክ የተባለውን ዛፍ ፍሬና የጥድ ዓይነት ዛፎችን ዘር ሰብስበው ያከማቹ ነበር። እነዚህ ስታርች የበዛባቸው፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቁ ምግቦች ናቸው። ቀንድ አውጣም ይበሉ ነበር። በ2024 የወጣ የአይሶቶፕ (በአጥንትና በጥርስ ውስጥ የቀሩ ከባድና ቀላል የንጥረ ነገር ዓይነቶች) ጥናት ምግባቸው በእጅጉ ወደ እፅዋት ያደላ እንደነበር አረጋገጠ። ሕፃናቱም ገና ዓመት ሳይሞላቸው ከእፅዋት የተዘጋጀ ምግብ መቅመስ ሳይጀምሩ አልቀሩም። ከኬፕ ልጆች ጋር አስተያዩት። ሁለቱም አዳኝና ለቃሚ ናቸው፤ ጡት አጣጣላቸውም ጥርሳቸውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። «የአዳኞች አመጋገብ» የሚባል አንድ ነገር የለም። የሚሸጥላችሁ ሰው የትኞቹን አዳኞች ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት።

የ30 ዓመቱን ወሬ ባጭሩ ልለፈው። አማካይ ዕድሜ የሚወርደው ሕፃናት ስለሚሞቱ ነው። ማይክል ገርቨንና ሂላርድ ካፕላን በ2007 በቅርብ ዘመን የኖሩ አዳኝና ለቃሚ ማኅበረሰቦችን መረጃ ሰብስበው አይተዋል። ልጅነትን ያለፈ ሰው በብዛት የሚሞተው በ70 ዓመት ግድም ነው። ጥንት ላይ ይህ በትክክል እንደዚሁ ነበር ማለት አይቻልም። ግን 30 ዓመት የሽምግልና ዕድሜ እንዳልነበረ በቂ ማሳያ ነው።

ጉርምስናም ቢሆን ከኛ ያን ያህል አይርቅም። በ2024 ሜሪ ሉዊስና ባልደረቦቿ በአውሮፓ በበረዶ ዘመን የኖሩ 13 ታዳጊዎችን አጽም መረመሩ። የጥርስ፣ የእጅ አንጓና የአንገት አጥንት ዕድገት ጉርምስና የት እንደደረሰ ይናገራል። አብዛኞቹ ጉርምስና የጀመሩት በ13 ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። ሙሉ አዋቂ የሆኑትም ከ17 እስከ 22 ዓመት ባለው ጊዜ። ብዙ ጊዜ ሲራቡ የነበሩ ልጆች ቢሆኑ ከዚህ ይዘገይ ነበር።

ከ13ቱ አንዱ በደቡብ ኢጣሊያ ሮሚቶ ዋሻ የተቀበረ ወጣት ነው። ሲሞት 17 ዓመት ገደማው ነበር። በተፈጥሮ የአጥንት እክል ምክንያት ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ30 አይበልጥም። ክንዱም እንደ ልብ አይዘረጋም። ከሌሎቹ እኩል አድኗል፣ ርቀት ሄዷል ማለት ያስቸግራል። ሆኖም እስከዚያ ዕድሜ ደርሷል፤ ከሌላ ሰው ጋርም በክብር ተቀብሯል። በፍሎሪዳ ዊንዶቨር በተባለ ረግረግ ከ7 ሺህ ዓመት በፊት የተቀበረ የ15 ዓመት ገደማ ልጅም የአከርካሪ ክፍተት ይዞ የተወለደ ነው። በኢንዶኔዥያ ቦርኒዮ ደሴት የተገኘው ደግሞ ከሁሉ ይገርመኛል። ከ31 ሺህ ዓመት በፊት አንድ ልጅ የግራ እግሩ ከቅልጥሙ በታች ተቆርጦ ወጥቷል። አጥንቱ ሽሮ ገጥሟል፤ የመመረዝ ምልክት የለበትም። ከዚያ በኋላ ከ6 እስከ 9 ዓመት ኖሯል። በ2022 የወጣው ይህ ግኝት ደም ማቆም፣ ቁስል ማጽዳትና ወራት ሙሉ ማስታመም የሚያውቁ ሰዎች እንደነበሩ ይመሰክራል። በዚህ ሰው አጽም ላይ ከሁሉ የከፋው ጉዳት የማኅበረሰቡ ጥንካሬ ምስክር ሆኗል።

የዳነ ቁስል ክፉ ዜናም ሊያመጣ ይችላል። በሰሜን ሱዳን በዓባይ ዳር ጀበል ሳሃባ የተባለ የመቃብር ቦታ አለ። ፍሬድ ዌንዶርፍ በ1960ዎቹ የቆፈሩት ነው፤ ቢያንስ 13,400 ዓመት ይሆነዋል። አጥንቶቹ መካከል የድንጋይ ጦር ስባሪ ስለተገኘ ለረጅም ጊዜ የአንድ ጦርነት ሰለባዎች ናቸው ሲባል ኖሯል። በ2021 ኢዛቤል ክሬቭኬርና ባልደረቦቿ 61ዱን አጽሞች እንደገና መረመሩ። 41ዱ ላይ የጉዳት ምልክት አገኙ፤ ሕፃናትም አልቀሩም። ብዙዎቹ ጉዳቶች ግን የዳኑ ነበሩ። በአንዳንዶቹ ላይ የዳነና ያልዳነ ቁስል አብሮ ታየ። ይህ ከአንድ ቀን ጦርነት አይመጣም። ሰዎቹ ለዓመታት ደጋግመው እየተጠቁ ኖረዋል ማለት ነው። የአየር ጠባይ ሲለዋወጥ በወንዙ ዳር ያለው ለኑሮ የሚመች መሬት ጠብቦ ነበር። የኬፕ ጠረፍ መጣበብ ቁመት ላይ ታይቶ ነበር፤ ይኸኛው የጎድን አጥንትና የራስ ቅል ላይ ታየ።

አገራችን የሰው ዘር ቅሪት በብዛት የሚገኝባት ብትሆንም፣ የቅርቡ ዘመን አዳኞች አጽም ግን ብዙ አልተገኘም። ትልቁ ምሳሌ በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ የተገኘው 4,500 ዓመት የሆነው ሰው ነው። ባይራ ብለው ሰይመውታል። በ2015 ዘረ መሉ ሲነበብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ሙሉ ጂኖም (ሙሉ የዘር መረጃ) ሆነ። ለደጋ ኑሮ የተስማማ እንደነበርም ታየ። ነገር ግን አንድ አዋቂ ወንድ ነው። የልጆችን ዕድገት ለማወቅ የልጆች አጽም ያስፈልጋል፤ የልጅ አጥንት ደግሞ ስስ ነው፣ በሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጥርሱ ነው።

ጥርስ ብቻም ቢቀር ዛሬ ብዙ ይሠራል። የሕፃንን አጽም አይቶ ወንድ ነው ሴት ናት ማለት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አይቻልም ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ኢናሜል ውስጥ የሚቀር ፕሮቲን ይህን ይለያል፤ ፕሮቲኑ በኤክስና በዋይ ክሮሞዞም ላይ የተለያየ ቅርጽ አለውና። የወንድና የሴት ልጅ ጡት መጣያ ጊዜ ይለያይ ነበር ወይ? በክፉ ዓመት ማን ቀድሞ ተጎዳ? እነዚህን ጥያቄዎች አሁን በማስረጃ መጠየቅ ተችሏል።

ሥራው ግን ጥርሱን በጥቂቱም ቢሆን መንካት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፈቃድ ያሻዋል። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ በ1920ዎቹ ያለ ፈቃድ ከሰዘርላንድ ከተማ አካባቢ የተወሰዱ የ9 ሰዎች አጽም በመጋዘኑ እንዳለ በ2017 ለየ። ለዘሮቻቸው ተነገረ። ቤተሰቦቹ አጽሞቹ ከመመለሳቸው በፊት እንዲጠኑ ተስማሙ። ውጤቱ መጀመሪያ ለእነሱ ተነገረ፤ ከዚያ በኅዳር 2023 በአገራቸው ቀበሯቸው።